የተሳላሚ እግር

ማዘንጊያ ሽፍታ አይፈራም፣ ወባም አይፈራም፤ የሚፈራው ተረከዝ ነው። በሲራራ ነጋዴነቱ ዘመን፣ ከጎጃም ዓባይን እየተሻገረ ጨው ወደ ወለጋ ሲያመላልስ፣ ጥይት ያልበገረው ጎበዝ ውሃ በቋጠረች አንዲት ተረከዝ ምክንያት ከጓዶቹ ተነጥሎ መንገድ ዳር ሲቀር በዓይኑ አይቷል። ስለዚህ ነቀምቴ ገብቶ፣ አግብቶ፣ በቅሎዎቹን ሸጦ ባኬ ጃማ ሠፈር ትንሽ ሱቅ ከከፈተ በኋላም ሰው ሲተዋወቀው መጀመሪያ የሚያየው ፊቱን ሳይሆን እግሩን ነበር። “የእገሌ ልጅ እኮ ምን የመሰለች ልጅ ናት” ሲሉት፣ “ናት፣ ጫማዋ ግን ይጠባታል” ይላል። ሰው ይስቅበታል። ይሳቅበት! የራሱን እግር ያልጠበቀ ምን ሊጠብቅ ነው?

ሚስቱ የሺወርቅ የሰላሌ ልጅ ናት። ባለፈው ዓመት ብቸኛ ልጃቸው በቀለች ምጥ ጠንቶባት፣ አዋላጆቹም ተስፋ ቆርጠው እርስ በርስ መተያየት ሲጀምሩ፣ የሺወርቅ ደጅ ወጥታ መሬት ላይ ተደፋች። “ተክልዬ፣ ያገሬ ታቦት፣ ልጄን ብታተርፍልኝ ዓመቱ ሳይዞር ለጥር ሃያ አራት ደብረ ሊባኖስ በገዛ እግሬ እመጣለሁ። በቅሎ አልቀመጥም፣ መኪና አልሳፈርም” አለች። በቀለችም ተረፈች፤ ያውም ወንድ ልጅ ታቅፋ። ከዚያን ቀን ወዲህ የሺወርቅ የልጅ ልጇን ባየች ቁጥር ደስታና ፍርሃት አብረው ይይዟታል። ስለቱን ካላደረሰች ተክልዬ የሰጠውን መልሶ የሚወስድባት ይመስላታል። ሕፃኑ ሲያስለው ቀን ትቆጥራለች።

ማዘንጊያ ይጾማል፣ ይሳለማል፣ ስለት ግን ተስሎ አያውቅም። “እኔ የማምነው በሞራ ነው” እያለ ያሾፋል። ቢሆንም ሚስቱን ለብቻዋ ለዚያ ሁሉ አገር አልሰጥም ብሎ፣ “የእግርሽ ዘበኛ ሆኜ እከተልሻለሁ” አላት።

ዘበኝነቱን የጀመረው መንገዱ ሳይጀመር ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? ከኅዳር ጽዮን ጀምሮ የሺወርቅን የጎማ ጫማ አስለምዷት ነበር። ከመኪና ጎማ የተቆረጠውን ጫማ ራሱ መርጦ፣ ጠርዙን በጠርሙስ ስባሪ ፍቆ፣ የሚይዘውን ጠፍር በቅቤ አሽቶ፣ “ይኸን አድርገሽ ገበያ ሂጂ፣ ይኸን አድርገሽ ቤተ ክርስቲያን ሂጂ” አላት። እሷም ጎረቤት እንዳያያት ነጠላዋን ዝቅ እያደረገች ሄደች። የባለሱቅ ሚስት የበረባሶ ጫማ ማድረጓ አሳፍሯታል።

አማቻቸው ደረሳ ደግሞ ይህንኑ ሰምቶ አዲስ የቆዳ ጫማ ይዞ መጣ። ደረሳ የወንጌል አማኝ ነው፤ ስለትን አይወደውም፤ አማቱን ግን በጣም ይወዳታል። ጫማውን ከወረቀት ፈትቶ፣ “እማዬ፣ ትልቅ ሰው ዘንድ ሲሄዱ እንኳን አዲስ ይለበሳል። ደግሞስ አውቶቡስ እያለ በዚህ ዕድሜዎ መድከም ምን ያስፈልጋል?” አላት።

የሺወርቅ ጫማውን አገላብጣ አየችውና ዓይኗ ቀረበት። ማዘንጊያ ቀማት። “አዲስ ጫማ የሚደረገው ለሠርግ ነው፤ ሙሽራ ተቀምጦ ስለሚውል። ደረሳ ልጄ፣ ይኸን ያደረገች እንደሆነ ሲሬ ሳትደርስ በቃሬዛ ትመለሳለች” አለ። ጫማው ቁም ሣጥን ላይ ወጣ።

ስልቻው ውስጥ የገባውን ሁሉ ማዘንጊያ ራሱ አኖረ። ጭኮ በቅል፤ በሶ፤ የበግ ሞራ በቀንድ፤ ወፍራም መርፌና ነጭ የጥጥ ክር፤ በጣቶች መካከል የሚገባ የአሮጌ ጋቢ ቁራጭ። ትእዛዙም አጭር ነበር፦ ጠዋት ጠዋት ሞራ ትቀቢያለሽ። ቀትር ላይ ጫማሽን አውልቀሽ እግርሽን ነፋስ ታስመቺዋለሽ። ውሃ የቋጠረ እንደሆነ ቆዳውን አትላጪም፣ በመርፌ ክር ታሳልፊና ክሩን እዚያው ትተዪዋለሽ፤ ውሃው በክሩ ይወጣል። ማታ ደግሞ ሙቅ ውሃ የሚባል ነገር እግርሽ ዘንድ አይደርስም፤ መንገደኛ እግር ደርቆ ነው የሚጠነክረው።

“አባቴ ቄስ ነበሩ” አለች የሺወርቅ፣ “እንዳንተ ያለ ሕግ ግን አላወጡም።”

ገና በተከበረ በሳምንቱ ተነሡ። በቀለች ሕፃኑን ታቅፋ እስከ ከተማው ዳር ሸኘቻቸው። የሺወርቅ የሕፃኑን እግር ስማ ዞር ሳትል ሄደች። የመጀመሪያው ቀን እንዲያው በጨዋታ አለቀ። ጫማው አልከዳትም፣ ሞራው አልከዳትም፣ ማዘንጊያም ከኋላ ሆኖ የተረከዟን አረጋገጥ እያየ በሆዱ ይኮራል። ጉቴ ሲደርሱ አንዲት ሴት እንግዶች ናቸው ብላ ቤቷ አስገባቻቸው። ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቀች። የሺወርቅ ነገረቻት።

ሴትዮዋ ወደ ጓዳ ገባችና በገበቴ ሙቅ ውሃ ይዛ ወጣች።

ማዘንጊያ ከመደቡ ብድግ አለ። የተሳላሚን እግር አጥቦ፣ ስሞ፣ እጣቢውን ለበረከት ማስቀረት ያለ ልማድ መሆኑን ከማንም በላይ ያውቃል፤ እሱ ራሱ በልጅነቱ ከእናቱ ጋር የስንቱን መነኩሴ እግር አጥቧል። ያን ሁሉ ሳምንታት ለጫማና ለሞራ ሲጨነቅ ግን ይኸ አንድ ነገር ከሐሳቡ ወጥቶ ነበር። ሲራራ ነጋዴን ማን እግሩን ያጥበዋል? ለስሙ መንገድ አዋቂ ነው፤ የነጋዴን መንገድ እንጂ የተሳላሚን መንገድ ሄዶበት አያውቅም።

“እመቤት፣ ይቅርብን፣ ደክሟታል” አለ።

“ስለደከማት እኮ ነው” አለች ሴትዮዋ፤ ተንበርክካ ጨርሳለች።

የሺወርቅ እግሯን ገበቴው ውስጥ አስገብታ ዓይኗን ጨፈነች። ደስ አላት፤ ለምን ይዋሻል? ቀኑን ሙሉ የሄደ እግር ሙቅ ውሃ ሲያገኝ ነፍስ ይዘራል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለወንዝ ብቻ አይደለም።

በማግሥቱ የለሰለሰው ተረከዝ መንገድ ላይ ውሃ ቋጠረ። ማዘንጊያ ዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጧት መርፌውን አውጥቶ ክሩን አሳለፈ፣ በጋቢው ቁራጭ ጠቀለለው። “ዛሬ ማታ ምንም ውሃ የለም” አለ። “የለም” አለች እሷም። ሲሬ ሲገቡ ግን ወሬው ከእነሱ ቀድሞ ገብቷል። በእግሯ ደብረ ሊባኖስ የምትሄድ፣ ልጇን ተክልዬ ከሞት የመለሰላት ሴት እየመጣች ነው ተብሎ፣ ባደሩበት ቤት ደጃፍ ላይ ሴቶች ተሰብስበው ይጠብቋታል። አንዷ መካን ናት። አንዷ ባሏ ታሟል። ሁሉም ውሃ አሙቀዋል።

ማዘንጊያ ለመናቸው። እግሯ ቆስሏል አለ። ሐኪም ከልክሏል ብሎ ዋሸ። የቤቱ ባለቤት፣ መርጋ የሚባሉ ሽማግሌ፣ ፊታቸው ጠቆረ። “ኦቦ ማዘንጊያ፣ ቤቴ ምን ረክሶ ነው እንግዳዬ እግሯን ሳትታጠብ የምታድረው?” አሉት። ይኸን ጊዜ ማዘንጊያ የገባበት ገባው። በሽፍታ ላይ ጠመንጃ ይወደራል፣ በወንዝ ላይ ዋናተኛ ይቀጠራል፤ በደግ ሰው ላይ ምን ይደረጋል? የቋጠረው ቆዳ በሙቅ ውሃው ርሶ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ። ሥሩ ያለው ሥጋ ቀይ ሆኖ ታየ። ሴቶቹም ቁስሉን ሲያዩ አለቀሱ፤ አልቅሰውም ይበልጥ አጠቡት። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት መጽሐፍ አጠበች!

በሦስተኛው ቀን መንገድ ላይ፣ ማዘንጊያ በልመና ድምፅ፣ “የሺ፣ ከእንግዲህ ለጠየቀሽ ሁሉ ዘመድ ልጠይቅ ነው የምሄደው በያቸው” አላት።

“ስለቴን ልካድ?”

“አትካጂው፤ ዝም በይ።”

የሺወርቅ ምርኩዟን ተደግፋ ቆመች። ላቧ ግንባሯ ላይ ይወርዳል። “ማዘንጊያ፣ ትናንት ያችን መካን አይተሃታል? ውሃውን አንዲት ጠብታ ሳታፈስ እንደ ሕፃን አቅፋው ሄደች። እኔ ያን ዕለት ደጅ ላይ ተደፍቼ እንደሷ ነበርኩ። ተክልዬ የእኔን ልጅ አትርፎልኝ የእነሱን እንዴት ልከልክል?” አለችው።

ማዘንጊያ ስልቻውን ዳሰሰ። እሱ የያዘው ሞራ ነው፤ ለዚህ የሚሆን ሞራ የለም።

አኖ ላይም ያው ሆነ። ማዘንጊያ ቢያንስ ውሃው ቀዝቃዛ ይሁን ብሎ ሲከራከር፣ “ለእንግዳ ቀዝቃዛ ውሃ!” ብለው ሳቁበት። ከዚያም ወደ ጊቤ ቆላ የሚወርደው መንገድ መጣ። አቧራውና ሙቀቱ የተላጠው ሥጋ ውስጥ ገባ። የጎማ ጫማው እግሯ ስላበጠ አልገባ አላት፤ ማዘንጊያ ጠፍሩን ቆርጦ አሰፋው፣ ቀጥሎ ጫማውን ጥሎ እግሯን በጋቢው ቁራጭ ጠቀለለው። ባኮ ሲገቡ የሺወርቅ በአንድ እግሯና በምርኩዟ ነበር የምትሄደው። “ልዘልሽ” ቢላት፣ “በገዛ እግሬ ነው ያልኩት” ትላለች።

ባኮ ላይ ድርቤ የምትባል ጠላ ሻጭ፣ ባሏ የሞተባት ሴት፣ ተቀበለቻቸው። ድርቤ የየሺወርቅን እግር አይታ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ውሃም አላመጣችም። “ዋቃ ኮ! አምላኬ፣ ይኼ እግር ነው?” አለች። ወዲያው የከተማውን ቁስል አካሚ፣ ድሬሰሩን፣ አስጠራችው። ወጣቱ ድሬሰር ጨርቁን ፈትቶ ሽታው ሲወጣ ፊቱን ዞር አደረገ፤ ከቁርጭምጭሚቷ ወደ ጉልበቷ የሚወጣውን ቀይ መስመር በጣቱ ተከተለው።

“ይኸ እኔ ጋ የሚድን አይደለም” አለ። “ነገ የነቀምቴ አውቶቡስ ያልፋል። ሆስፒታል ይግቡ። ከቆዩ እግሩ ይቆረጣል፤ ይበልጥ ከቆዩ ደግሞ…” ብሎ ተወው።

“መኪና አልሳፈርም” አለች የሺወርቅ።

አውቶቡሱ በማግሥቱ አለፈ። ማዘንጊያ ሲለምን፣ ሲቆጣ፣ ሲያለቅስ ዋለ። ትኩሳቷ ጨመረ። ቄስ ተክለጻድቅን ከባኮ ቤተ ክርስቲያን አስመጣቸው። ቄሱ ነገሩን ሁሉ ሰምተው፣ “ልጄ፣ ባልና ሚስት አንድ አካል ናቸው። ስለትሽን ማዘንጊያ ከቆምሽበት አንሥቶ ይጨርስልሽ፤ ተክልዬ አይቀየምም” አሏት።

ማዘንጊያ፣ “አሁኑኑ! እሄዳለሁ፣ ደስ ብሎኝ እሄዳለሁ” አለ።

የሺወርቅ በትኩሳት በቀላ ዓይኗ አየችው። “አባቴ፣ እሱ የሚሄደው ለእኔ እግር ነው እንጂ ለተክልዬ አይደለም። በሞራ ነው የሚያምነው፤ ራሱ ይበልዎ። ያላመነበትን ስለት ተሸክሞ ቢሄድ ባዶ እጁን የሄደ አይደለም ወይ? ልጄ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልሞክርም” አለች። ቄሱ ማዘንጊያን አዩት። ማዘንጊያ አምናለሁ ሊል አፉን ከፈተ፤ ሃያ ምናምን ዓመት አብራው የኖረች ሴት ፊት ግን ቃሉ አልወጣ አለው። በራሱ ቀልድ ታሰረ።

በማግሥቱ ጠዋት ድርቤ ገበያ ወጥታ ነበር። ማዘንጊያ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ከግድግዳው ወዲያ የሺወርቅ በትኩሳት ስታቃስት ይሰማዋል። አንዲት ገጠሬ ሴት ልጅ አዝላ፣ በክንዷ ገበቴ፣ በእጇ ማሰሮ ይዛ መጣች። ውሃውን ከወዲያ ሠፈር አሙቃ ነው ያመጣችው፤ እንፋሎቱ ገና አልጠፋም።

“አካም ቡልተኒ፣ እንዴት አደራችሁ፣ አያ። ተሳላሚዋ እዚህ ናት አሉኝ” አለችው። “ዳዲ እባላለሁ። ከሩቅ ነው የመጣሁት። ማሎ፣ እባክህ፣ እግሯን ልጠብላት።”

ማዘንጊያ ሂጂ ሊላት ነበር። ያን ሁሉ ቀን በደጎቹ ሴቶች ላይ ያጠራቀመው ቁጣ ሊገነፍል ደርሷል። ዳዲ ግን የታዘለችውን ልጅ አውርዳ አሳየችው። ሴት ልጅ ናት፤ አንገቷ የክር ያህል ቀጥኗል። ዝንብ ዓይኗ ላይ ሲያርፍ እንኳ አታባርርም። ማዘንጊያ ቁጣውን ዋጠው። ይህችን ሴት መመለስ አልቻለም። ወደ ውስጥ ማስገባትም አልቻለም፤ ያ እግር አንድ ጊዜ ደግሞ ከተነካ አለቀ።

“ተሳላሚው እኔ ነኝ” አላት።

“ሴት ናት ብለውኝ ነበር።”

“ተሳስተው ነው። እኔ ነኝ።” ጫማውን አወለቀ።

ዳዲ አመነችው። ተንበርክካ እግሩን ገበቴው ውስጥ አስገባችና በዝግታ አጠበችው፤ ጣት በጣት፣ ተረከዝ በተረከዝ። አንድ ጭረት አልነበረበትም። የነጋዴ እግር ነው፣ የጠነከረ፣ ለዘመናት የተጠበቀ። ዳዲ በመገረም ቀና ብላ፣ “ይኸን ሁሉ አገር መጥተህ አንድ ቁስል የለህም። ተክልዬ ወዶሃል” አለችው። ጎንበስ ብላም ሳመችው።

ማዘንጊያ እንደዚያን ጊዜ አፍሮ አያውቅም። ሌባ ሲባል እንኳ እንዲህ ያለ እፍረት አይመጣም፤ ሌባ የሚሰርቀው ዕቃ ነው። ዳዲ እጣቢውን በእጇ ዘግና የልጅቱን ግንባር ስትቀባ፣ ደረቷን ስትቀባ፣ ልጅቱ ዓይኗን ገልጣ ቀጥ ብላ አየችው። ውሃው ተራ ውሃ እንደሆነ፣ እግሩም ተራ እግር እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ይኸን ባዶ ውሃ አስይዞ ሊሰዳት ነው። ሞራ የለ፣ መርፌ የለ፣ ክር የለ፤ ለዚች ልጅ ከስልቻው የሚያወጣላት አንዳች ነገር የለውም።

ከመቀመጫው ወርዶ መሬት ላይ ተንበረከከ። “ተክልዬ” አለ፣ ድምፁ እንግዳ ሆነበት። “ዋሽቻለሁ። በእኔ ውሸት ይችን ልጅ አትቅጣት። ማራት። ምንም የማውቀው ነገር የለም፣ የምይዘው ነገር የለኝም። ይችን ልጅ ማራት እንጂ በእግሬ እመጣለሁ፤ ሚስቴ ከቆመችበት ጀምሬ እመጣለሁ።” ከዚያ በኋላ ያለውን ልቅሶው አላስጨረሰውም። ዳዲ አማርኛው ሁሉ አልገባትም፤ የገባት ሰውዬው ለልጇ ማልቀሱ ነው። እሷም አለቀሰች። ልጅቱን መልሳ አዝላ፣ ገበቴዋን አንሥታ፣ “ጋላቶማ፣ ጋላቶማ” ብላ እያመሰገነች ሄደች። ልጅቱ ትድን አትድን ማዘንጊያ ወደፊትም የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

“ማዘንጊያ” አለ ከውስጥ ደካማ ድምፅ።

ገባ። የሺወርቅ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ተኝታለች። ሁሉንም ሰምታለች።

“ተሳልክ?” አለችው።

“እንጃ። ከአፌ ወጣ።”

“ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው።” በክንዷ ተደግፋ ቀና አለች። “አሁን አመንኩህ። እንግዲህ መንገዱ የአንተ ነው። እኔን መኪና ላይ ጫነኝ።”

ቀትር ላይ የነቀምቴው አውቶቡስ አቧራውን አስነሥቶ መጣ። ከድርቤና ከሾፌሩ ረዳት ጋር ተጋግዘው አሳፈሯት፤ ድርቤ ከጎኗ ተቀመጠች። ሰውነቷ እሳት ነበር። ድሬሰሩ በሩ ላይ ቆሞ እግሯን ዳግመኛ አየና ሾፌሩን “መንገድ ላይ አትቁም” አለው። ማዘንጊያ ይኸን ሰማ። እግሩን የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ አደረገ።

“ወዴት ነው?” አለች የሺወርቅ።

“እስከ ሆስፒታሉ ላድርስሽና…”

“ለጥር ሃያ አራት ትደርሳለህ እንዲያ ከሆነ?”

እንደማይደርስ ሁለቱም ያውቃሉ። ብድግ ብላ ልትወርድ ምርኩዟን ስትፈልግ አየ። የምትወርድ ሴት ናት፤ እሱ ከተሳፈረ ትወርዳለች። እግሩን ከደረጃው አነሣ። ሞራውንና መርፌውን የያዘውን ስልቻ በመስኮት ጭኗ ላይ አኖረላት፤ ሌላ የሚሰጣት ስላልነበረው ነው። እጁን ይዛ፣ “ለበቀለች ልጅ ጸሎት አድርግለት። ለዳዲም ልጅ” አለችው። ስለ ራሷ እግር አላነሣችም።

አውቶቡሱ ወደ ምዕራብ ሄደ። ማዘንጊያ አቧራው እስኪጠፋ ቆሞ አየና ወደ ምሥራቅ ዞረ። ሚስቱን ለማትረፍ የተሰጠው ሥራ ከሚስቱ መራቅ ብቻ ነው። ደርሶ እስኪመለስ ድረስ እግሯ ይኑር አይኑር፣ እሷም ትኑር አትኑር አያውቅም። በጊቤ ድልድይ ላይ ሲያልፍ ፈጥኖ ይራመድ ነበር። ጉድሩና ጎጃም ያዳረሰው እግሩ ያለ ሞራ፣ ያለ ጨርቅ፣ እንደ በቅሎ ይሄድለታል። አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ጫማውን አወለቀና ተረከዙን በጣቱ ዳሰሰ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ እንዲቋጥር፣ እንዲላጥ፣ እንዲያመው ለመነ። እግሩ ግን ደህና ነበር።